«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች»፦ የጎረቤት አካባቢ አሽከርካሪ ለምን ክፉ መስሎ ይታየናል?

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ሰው ባደገበት አካባቢ ልማድ እንደሚናገር፣ እንደሚሠራና እንደሚኖር ይገልጻል። ላይ ላዩን ሲታይ ስለ ሩቅ ምድር ሰዎች የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን «አገር» የሚለው ቃል በካርታ ላይ የምናየውን ሉዓላዊ ምድር ብቻ አያመለክትም፤ አንድ ቀዬ፣ ወንዝ ማዶ ያለ መንደር ወይም ከተራራው ግርጌ ያለ ሰፈር ሁሉ «አገር» ይባላልና፣ «አገሬው ምን ይላል?» ብለን ስንጠይቅ ዛሬም የምናስበው የአካባቢውን ነዋሪ ነው። በመሆኑም አነጋገሩ ባሕር ተሻግረው ለሚገናኙት ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ድልድይ ለሚለያዩ ጎረቤታሞችም ይሠራል። «እንዳገሯ» ውስጥ የተዋሐደው «እንደ» ደግሞ ሁኔታን እንጂ ደረጃን አይናገርም፤ የዚህች ወፍ ጩኸት ከዚያችኛዋ ይሻላል ወይም ይከፋል የሚል ፍርድ በቃሉ ውስጥ የለም።

መነሻው ወፎችን በጥሞና ያዳመጠ ሰው ትዝብት ለመሆኑ አነጋገሩ ራሱ ይመሰክራል። ትዝብቱም እውነት ነው። ፒተር ማርለርና ሚዋኮ ታሙራ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ጥናት፣ በካሊፎርኒያ የምትገኝና ራሷ ላይ ነጭ ሰረዝ ያላት አንዲት የድንቢጥ ዝርያ ከቦታ ቦታ የተለያየ ዜማ እንዳላት አሳይተዋል፤ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የሚኖሩ ድንቢጦች ዝርያቸው አንድ ሆኖ ሳለ የዚህኛው ዳርቻ ጩኸት ከዚያኛው ዳርቻ ጩኸት በጆሮ ይለያል። ጫጩቷ ዜማውን ይዛ አትወለድም፤ በመጀመሪያዎቹ የሕይወቷ ሳምንታት በዙሪያዋ የምትሰማውን ትማራለች። ከዚህ አንጻር «እንዳገሯ» የሚለው ቃል «እንደ ዘሯ» አለማለቱ ትልቅ ቁም ነገር ያዘለ ነው።

ይሁንና ይህን አነጋገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው በንቀት ቃና ነው፤ «ከእነሱ ሌላ ምን ይጠበቃል?» ለማለት። ይህ አጠቃቀም ደግሞ በመኪና መንገድ ላይ ካለው ሐሜት ጋር በትክክል ይገጥማል። በዓለም ዙሪያ አሽከርካሪዎች ባሉበት ሁሉ «የእነዚያ ሰዎች አነዳድ አይጣል ነው» የሚባልለት ጎረቤት አካባቢ አለ፤ ያ አካባቢ በፈንታው ወደ ቀጣዩ ጎረቤት ይጠቁማል፣ ወይም ጣቱን መልሶ ወደ ከሳሹ ይቀስራል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት አሽከርካሪዎች ከግዛታቸው ስምና ከስድብ ቃል ተዳቅሎ የወጣላቸው መጠሪያ በጣም ከመለመዱ የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። ሁሉም ከሳሽ ትክክል ቢሆን ኖሮ ከሁሉም የከፋው አሽከርካሪ በየአቅጣጫው መገኘት ነበረበት።

እዚህ ላይ የምሳሌው ትክክለኛ ትርጉም ያስፈልገናል። መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ሕግ አለ። አንደኛው የተጻፈው ነው፤ ይህን ለማቀራረብ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነትን እስከ መፈረም ደርሰዋል። ሁለተኛው ያልተጻፈው ነው፤ በየአካባቢው አሽከርካሪዎች ዘንድ ሳይነገር የሚታወቅ፣ በማንም መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ። ሹፌሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአብዛኛው በዚህኛው ነው። የፊት መብራት ብልጭ ማድረግን እንውሰድ። በአንዳንድ ቦታ «እለፍ፣ ቅድሚያውን ለቅቄልሃለሁ» ማለት ነው፤ በሌላ ቦታ «እየመጣሁ ነው፣ እንዳትገባ» ማለት ነው፤ የብሪታንያ የመንገድ ደንብ ደግሞ መብራት ብልጭ የሚደረገው መኖርን ለማሳወቅ ብቻ መሆኑን ይገልጻል። በመጀመሪያው ልማድ ያደገ ሰው ሁለተኛው ወደሚሠራበት አካባቢ ቢሄድ፣ ሲከለከል የተፈቀደለት ይመስለውና ይገባል፤ ሁለቱም ክላክሳቸውን ያስጮኻሉ፤ እያንዳንዱም ሌላው መንዳት እንደማይችል ቆጥሮ ይሄዳል። በጃፓን መንገድ የተለቀቀለት አሽከርካሪ አራቱን ፍሬቻ አንዴ ሁለቴ ብልጭ አድርጎ ያመሰግናል፤ ልማዱን የማያውቅ ሰው ከፊቱ ያለው መኪና የተበላሸ ሊመስለው ይችላል።

ከሁሉም ይበልጥ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ግን በአሜሪካ የፒትስበርግ ከተማ ያለው ልማድ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ወደ ግራ ለመታጠፍ ከፊት የቆመው መኪና፣ ከፊት ለፊት ቀጥ ብለው የሚመጡት ሳይነሡ ቀድሟቸው ይታጠፋል፤ እነርሱም ይጠብቁታል። በተጻፈው ሕግ ቅድሚያው ቀጥታ የሚሄደው ነው። በከተማው ሰዎች ዘንድ ግን ቆም ብሎ ማሳለፍ የጨዋነት ምልክት ነው፤ ምክንያቱም በጠባብ መንገድ ላይ የሚታጠፈው መኪና ካላለፈ ከኋላው ያለው ሁሉ ይታገታል። እንግዳው ሕጉን ጠብቆ ሲነሣ ለአገሬው ባለጌ ይመስላል፤ አገሬው ሲታጠፍ ደግሞ ለእንግዳው እብድ ይመስላል። ሁለቱም የጮኹት እንዳገራቸው ነው።

ለዚህ ግጭት እሳቱን የሚያቀጣጥለው ታርጋ ነው። ያለ ታርጋ ቢሆን ያስቆጣን ሰው «አንድ ሹፌር» ብቻ ሆኖ ይረሳል፤ የጎረቤት ታርጋ ሲለጥፍ ግን ለስድቡ ወዲያው የቤተሰብ ስም እናገኝለታለን። የራሳችን ሰው ያንኑ ጥፋት ሲያጠፋ «ቸኩሎ ይሆናል» እንላለን፤ የነርሱ ሰው ሲያጠፋ «እነዚህ ሰዎች!» እንላለን። በሥነ ልቦና ጥናት የታወቀ ዝንባሌ ነው፤ የራስን ስሕተት ለሁኔታው፣ የሌላውን ስሕተት ለጠባዩ መስጠት። በፍጹም ሥርዓት ያለፉት መቶ የጎረቤት መኪናዎች ደግሞ ማንም ሳያስተውላቸው አልፈዋልና በትዝታችን ውስጥ አይቆጠሩም። ከዚህም ሌላ ታርጋው ራሱ ሁልጊዜ እውነት አይናገርም፤ በፈረንሳይ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ባለንብረቱ የፈለገውን አካባቢ ቁጥር መርጦ መለጠፍ ይችላል። እንግዳ ሰው መንገዱን ስለማያውቀው በመገንጠያ አጠገብ ያመነታል፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት መስመር ይቀይራል፤ ያየነው ሰውየው በማያውቀው ቦታ ሲነዳ እንጂ በቀዬው ሲነዳ አይደለም።

ራሳችንን የምንመዝንበት ሚዛንም ያዘነበለ ነው። ኦላ ስቬንሰን የተባሉ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት አሜሪካውያን 93 በመቶው፣ ከስዊድናውያኑም 69 በመቶው በማሽከርከር ችሎታቸው ራሳቸውን ከተሻለው ግማሽ ውስጥ መድበዋል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አነጋገሩን ለምሕረት ብቻ መጠቀምም ስሕተት እንደሆነ አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ጠጥቶ መንዳት፣ ስልክ እያዩ መንዳት፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መብረር የማንም «አገር ጩኸት» አይደሉም፤ ማንም በምሳሌ ሊሸፍናቸው አይገባም። አንዱ አካባቢ ከሌላው የበዛ ሞት ሲመዘገብበትም መልሱ የነዋሪው ጠባይ ላይ ከመድረሱ በፊት መንገዱ መታየት አለበት፤ መሐል አካፋይ የሌለው፣ ፍጥነት የሚበዛበት፣ ሆስፒታል የሚርቅበት የገጠር መንገድ ተመሳሳይ ስሕተት ከከተማ መንገድ ይልቅ ብዙ ሕይወት ያስከፍላል።

ለመንገደኛው ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አባባል አለ፦ «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ»። እንግዳ የደረሰበትን ቦታ ሥርዓት ተከትሎ መሄድ አለበት ማለት ነው፤ ለአሽከርካሪ ሲሆን ደግሞ ያልተረዱትን ምልክት ተረድቻለሁ ብሎ ከመግባት ፍሬን ይዞ መጠበቅ ማለት ይሆናል። አገሬው በበኩሉ የእንግዳውን ማመንታት በክላክስ ከማጣደፍ ይልቅ ጥቂት ርቀት ሊሰጠው ይገባል።

ድንቢጧ ዜማዋን የምትማረው በጨቅላነቷ ብቻ ነው፤ ሰው ግን ከዚያም በኋላ ይማራል። ስዊድን ለረጅም ዘመን በግራ ስትነዳ ጎረቤቶቿ ኖርዌይና ፊንላንድ በቀኝ ይነዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ሕዝቡ ተጠይቆ 83 በመቶ የሚሆነው ለውጡን አልፈልግም ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ሆኖም ምክር ቤቱ በኋላ ለውጡን አጸደቀ፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1967 ከንጋቱ 10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ላይ በየመንገዱ የነበሩ መኪናዎች ቆሙ፣ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ተሻገሩ፣ 11 ሰዓት ሲሆንም ጉዟቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ድንበሩን አቋርጦ ወደ ኖርዌይ የሚገባ ስዊድናዊ መስመሩን መቀየር አላስፈለገውም።