በሴቶች አገር አቋራጭ ውድድር የቡድን ውጤት እንዴት ይሰላል?

የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ በፒያሳና በአራት ኪሎ ካፌዎች ተደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ቀድማ የገባችው የሌላ አገር ሯጭ ሆና ሳለ የቡድኑ ወርቅ እንዴት ለኢትዮጵያ ይሰጣል?

በ10 ኪሎ ሜትሩ የአዋቂ ሴቶች ውድድር የግልና የቡድን ፉክክር በአንድነት ይካሄዳሉ። አንድ አገር እስከ ስድስት ሯጮች የሚያሰልፍ ሲሆን፣ ከእነርሱ ቀድመው የገቡት የአራቱ ደረጃ ተደምሮ የቡድኑ ነጥብ ይሆናል፤ አነስተኛ ድምር ያለው ቡድንም ያሸንፋል። ለምሳሌ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 6ኛና 9ኛ የወጡ ሯጮች ድምራቸው 20 ሲሆን፣ 1ኛ፣ 4ኛ፣ 8ኛና 12ኛ የወጡት ግን 25 ስለሚይዙ፣ የውድድሩ አሸናፊ ከእነርሱ ወገን ብትሆንም በቡድን ይበለጣሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በዴንማርኳ አርሁስ ኬንያዊቷ ሄለን ኦቢሪ አንደኛ፣ ደራ ዲዳ ሁለተኛ፣ ለተሰንበት ግደይ ሦስተኛ ሲወጡ የቡድኑን ወርቅ ያገኘችው ኢትዮጵያ ነበረች።

በእኔ እምነት ካሜራ እምብዛም የማያሳያት አራተኛዋ ሯጭ ከሁሉም የላቀ ትኩረት ይገባታል። ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ ቢያመጡ፣ አራተኛ ሯጩ የቀደመችለት ቡድን ይበልጣል፤ አራት ሯጮች ያልጨረሱለት ቡድን ደግሞ ደረጃ አያገኝም። አምስተኛዋና ስድስተኛዋም ነጥብ ባያስመዘግቡ እንኳ ከተፎካካሪ ቡድን ሯጮች ቀድመው በመግባት የእነርሱን ድምር ከፍ ያደርጋሉ። ለዚህም ነው በጃንሜዳ ስም በሚጠራው የአገር አቋራጭ ውድድር ከአሸናፊዋ ኋላ የሚገቡትንም በጥንቃቄ መከታተል የሚያስፈልገው።