ትንሽ አውሮፕላን ማታ ሲያርፍ፦ የሚባለውና እውነታው

አንድ ሞተር ያላት ትንሽ አውሮፕላን ማታ ስታርፍ ተከሰከሰች ከተባለ፣ ደሴ ፒያሳም ኮምቦልቻም ምክንያቱን የሚያውቅ አይጠፋም። የሚባለው አብዛኛው ግን ትክክል አይደለም።

«ሰማዩ ጥርት ካለ አብራሪው ምን ያሳስተዋል?»

ይበልጥ የሚያታልለው ጥርት ያለው ሌሊት ነው። መንደርደሪያው በርቶ፣ ከሱ በፊት ያለው መሬት መብራት የሌለው እርሻ ወይም ገደል ከሆነ ዓይን ከፍታን የሚያመዛዝንበት ነገር ያጣል። አብራሪው ከፍ ያለ ይመስለውና ሳያውቀው ዝቅ ይላል። መንደርደሪያው ሽቅብ ካዘነበለ ወይም ከለመደው ከጠበበ ይብስበታል። ተራራ በከበበው፣ በደሴ በኩል ሐረጎ በተጋረጠበት በኮምቦልቻ ዓይነት ቦታ ደግሞ ለስህተት የሚተርፍ ከፍታ የለም።

ስለዚህ በቁጥር ነው መውረድ። የተለመደው የ3 ዲግሪ አወራረድ በየኖቲካል ማይሉ (1.85 ኪሎ ሜትር) 300 ጫማ ያህል ነው፤ 3 ማይል ሲቀር ከመንደርደሪያው በላይ 900 ጫማ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ከመንደርደሪያው ጎን ፓፒ የሚባሉት የከፍታ ጠቋሚ አራት መብራቶች ካሉ ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ትክክል ነው። አራቱም ከቀሉ በጣም ዝቅ ብሏል።

«ካልተመቸው ነዳጅ ሰጥቶ መነሳት ነው»

አዎ፣ ግን የኮምቦልቻ ኤርፖርት ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጉልበቱን ያጣል። በድንጋጤ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያውን) እስከ ጥግ የገፋ አብራሪ ሞተሩን በነዳጅ አፍኖ የቀረውንም ይቀንሰዋል። መለኪያው የለመደውን ፍጥነት ቢያሳይም እውነተኛው 10 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ደግሞ 20 በመቶ ያህል ይረዝማል። ውሳኔው ቀደም ብሎ ካልተወሰነ አይሠራም።

«የፊት መብራቱ ከተቃጠለ አለቀለት»

አላለቀለትም። በመንደርደሪያው ዳርና ዳር መብራቶች ማረፍ ይቻላል፤ በሥልጠናም ይለመዳል። እንዲያውም መብራቱ ያረፈበት መሬት ላይ ያፈጠጠ አብራሪ አፍንጫውን ያለጊዜው ሊያነሳ ይችላል።

«ከነጠረ አፍንጫውን ወደ መሬት መጫን ነው»

ብዙ አውሮፕላን የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ሲጫን የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታል፣ እንደገና ይነጥራል፣ እያንዳንዱ ንጥረት ከፊተኛው ይከፋል። ከዚያ የፊት ጎማው እግር ይታጠፍና ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ይመታል። ትንሽ ከነጠረ አፍንጫውን ባለበት ይዞ ጥቂት ጉልበት መጨመር፤ ከፍ ብሎ ከነጠረ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ መነሳት። ፕሮፔለሩ መሬት ከነካ ደግሞ ሞተሩ ደህና የሚዞር ቢመስልም ተፈትቶ ሳይፈተሽ አይበርም።

«ሞተሩ ቆሟል፣ ቀርበን እንርዳ»

ቅረቡ፣ ግን ከኋላ በኩል። የሞተሩ ማግኔቶ ብልጭታውን ያለ ባትሪ ይፈጥራል፤ ማግኔቶው ካልጠፋ ፕሮፔለሩን በእጅ ማንቀሳቀስ ብቻ ሞተሩን ሊያስነሳውና እጅ ሊቆርጥ ይችላል። ነዳጁ ቤንዚን ነው፤ ክብሪትና ሲጋራ አይቅረብ። እሳት ወይም የነዳጅ ፍሳሽ ከሌለ አንገቱ የተጎዳን ሰው ስቦ ማውጣት ጉዳቱን ያብሳል። ሰው ለማውጣት ካልሆነ በቀር ስብርባሪው አይነካ፤ መርማሪ የማብሪያዎቹንና የፍላፑን (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) አቀማመጥ ያነብበታል።

«ጥቁሩ ሳጥን ይናገራል»

እንዲህ ያለች አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ የላትም። መርማሪው የሚተማመነው ባልተነካ ስብርባሪ፣ በመንደርደሪያው ላይ በቀረ ጭረትና በዓይን ምስክር ነው።