ቡና ቤት ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት ከውጭ የመጣች የእህቴ ልጅ ፒያሳ ላይ ቡና አማራት። አማርኛ ማንበብ የተማረችው ከፊደል ገበታ ስለሆነ ያየችውን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። "ቡና ቤት" የሚል አገኘችና ዘው ብላ ገባች። ጊዜው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ አንዲት ሴት ወለሉን ትወለውላለች፣ ቤቱ የትናንት ቢራ ይሸታል።

"ቡና ፈልጌ ነበር።"

"ቡና የለም የኔ ቆንጆ። ጀበና ቡና ከሆነ እዚያ ማዶ፣ ጥላው ሥር አለልሽ።"

ማታ ይህን ለእናቴ ስታወራላት እናቴ ደረቷን መታች። "ቡና ቤት? ምን ልታደርጊ ገባሽ አንቺ ልጅ?"

ቡና ቤት ማለት በአዲስ አበባ አማርኛ መጠጥ ቤት ነው። ባንኮኒ አለው፤ ከባንኮኒው ጀርባ ጠርሙስ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ ቀይ ወይ አረንጓዴ አምፖል፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ ከበር ውጭ የሚሰማ ዘፈን አለ። የሚጠጣው ቢራ፣ ጂን፣ አረቄ ነው። እናቴን ያስደነገጣት ግን ቢራው አልነበረም። በእሷ ዘመን "ቡና ቤት ገባች" የተባለች ልጅ ቡና ልትጠጣ የገባች አይደለችም፤ ወሬዋ በሹክሹክታ ነው የሚወራው። "የቡና ቤት ሴት" የሚለው አጠራር ዛሬም ያው ስድብ ነው። እዚያው ቤት ሲጠጣ ያመሸው አባወራ ግን ጠዋት ኮቱን ደርቦ ሲወጣ "እንደምን አደሩ" ይባል ነበር፤ ለእሱ ስም አልወጣለትም።

ታዲያ ቡናው ስሙ ውስጥ ምን ይሠራል? ለእኔ ነገሩ ከጣሊያኖች ባር ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። እነሱ ዘንድ ባር ማለት በአንድ ባንኮኒ ላይ ጠዋት ቡና፣ ማታ መጠጥ የሚቀዳበት ቤት ነው። ባንኮኒ የሚለው ቃል ራሱ የነሱ ነው፤ ማኪያቶም፣ ፒያሳም እንዲሁ። እኛ ቤት መጠጡ ቡናውን ገፍቶ ስሙን ወረሰ። ቡና ብቻ የያዙትም ቢሆኑ ራሳቸውን ቡና ቤት ብለው አይጠሩም። ፒያሳ ያለው ቶሞካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ሲከፈት የያዘው ስም ከጣሊያንኛ "ቶሬፋትሲዮኔ ሞደርና ካፌ" ፊደላት የተለቃቀመ ነው፤ ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደማለት። ሰው እዚያ ቆሞ ማኪያቶውን ጠጥቶ ይወጣል እንጂ "ቡና ቤት ነበርኩ" አይልም። ቢል ሚስቱ ሌላ ነገር ትሰማለች።

እዚህ ከተማ ታፔላ አምኖ የገባ ሰው ሌላም ቦታ ይሳሳታል። ግሮሰሪ ገብቶ ሩዝና ዘይት የሚጠይቅ ይሳቅበታል፤ ግሮሰሪ ከሥራ መልስ አንድ ሁለት ቢራ የሚባልበት ጠባብ ቤት ነው። ከቡና ቤት የሚለየው በጸባዩ ነው። ግሮሰሪ ከቢሮ ሲወጡ የሚገቡበት ነው፤ ቡና ቤት ግን ሲመሽ ነው የሚሞቀው። ከግሮሰሪው ጎን ብዙ ጊዜ ሉካንዳ አለ። ሉካንዳ በጣሊያንኛ የእንግዳ ማደሪያ ነው፣ በእኛ ሥጋ የሚሰቀልበት ቤት ሆነ። ቁርጡ ከዚያ ይቆረጣል፣ አዋዜው ይመጣል፣ ቢራው ከጎረቤት ይሻገራል። "ሆቴል" የሚል ሲገጥማችሁም አልጋ አትጠብቁ፤ ብዙው ምግብ ቤት ነው። በ1898 የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል አልጋ ካላቸው ወገን ነው።

ስማቸውን የጠበቁት የጥንቶቹ ናቸው። ጠጅ ቤት ጠጅ አለ፦ ደረቅ፣ መካከለኛ ወይ ለስላሳ ብለው ይመርጣሉ፣ በብርሌ ይቀርባል። ጠላ ቤት እንኳን ውሸት፣ ጽሑፍም አያስፈልገው፤ በር ላይ በተተከለ እንጨት ጫፍ ጣሳ ከተደፋ ጠላ አለ ማለት ነው። ሻይ ቤትም ሻይ አለው። ሻይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ግን ቁርሱ ያመልጠዋል፤ ፉሉ፣ እንቁላል ፍርፍሩ፣ ቦምቦሊኖው የሚገኘው እዚያ ነው። ሻይና ቡና በአንድ ብርጭቆ ተደራርቦ ሲቀርብ ደግሞ ስፕሪስ ይባላል።

ስሙን መጠጥ የነጠቀው ቡና ሌላ መጠሪያ አበጀ፦ ጀበና ቡና። ቡናው በጀበና መፈላቱን ብቻ ሳይሆን የሚጠጣበትንም ቦታ ያመለክታል። የእህቴ ልጅ ማዶ የተላከችበት ይኼው ነው። ትልቅ ጥላ፣ ሥሩ አራት አምስት በርጩማ፣ ረከቦት ላይ የተደረደረ ሲኒ፣ መሬት ላይ ቄጠማ፣ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና። ቡና የምታፈላው ልጅ ጀበናውን አንስታ ወደ ሲኒው ስታዘነብለው ቀጭኑ ጥቁር መስመር ሳይቋረጥ ይወርዳል፣ አተላው ከታች ይቀራል። በዕጣኑ ጭስ መሃል "ጤና አዳም ላድርግበት?" ብላ ትጠይቃለች። ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ይጠበቃል፤ እዚህ ግን አንድ ሲኒ ጠጥተው ከፍለው ይነሳሉ።

ልብ ካላችሁ "ቤት" የሚለው ቃል እዚህ ስም ላይ የለም። ቤት የለማ! በረንዳ ነው፣ የፎቅ ደረጃ ሥር ነው፣ የታክሲ መጠበቂያ ጥግ ነው። በ2016 ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ካዛንቺስ የተባሉት ሰፈሮች ሲፈርሱ ከነባንኮኒያቸው የጠፉ ቡና ቤቶች ብዙ ናቸው። ጀበና ቡና ግን ጥላዋን አጥፋ፣ ረከቦቷን ተሸክማ ሌላ ጥግ ትዘረጋለች።

የእህቴ ልጅ ከመሄዷ በፊት ባለው ሳምንት ስልክ ደውዬ የት እንዳለች ጠየቅኳት።

"አራት ኪሎ፣ ጀበና ቡና ጋ" አለችኝ።