የነርስነት ምግባር፣ ሐቀኝነትና የሕሙማን አመኔታ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

በመልካም ባሕርይ ላይ የተመሠረተው የነርስነት ሥነ ምግባር፣ ባለሙያው የትኛውን ደንብ መከተል እንዳለበት ከመጠየቁ በፊት ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት የሚጠይቅ ዘርፍ ነው። መሠረቱ የአርስቶትል ትምህርት ሲሆን፣ ሰው ደግ የሚሆነው ደግ ሥራን ደጋግሞ በመሥራት፣ ልኩንም በአስተዋይነት በመለየት ነው ይላል። ይህ አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ በግዴታና በውጤት ላይ ባተኮሩ ፍልስፍናዎች ተሸፍኖ ቆይቶ፣ የኦክስፎርዷ ፈላስፋ ኤልሳቤጥ አንስኮም እ.ኤ.አ. በ1958 ካሳተመችው ጽሑፍ ወዲህ እንደገና ተነሥቷል። በነርስነት ትምህርት ውስጥ ርኅራኄ፣ ሐቀኝነት፣ ድፍረት፣ ትዕግሥትና አስተዋይነት ዋና ዋናዎቹ የሙያው ባሕርያት ተደርገው ይወሰዳሉ።

በባሕር ዳር ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተመሠረተው የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ በ2011 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል፣ የግል ሆስፒታሎችና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይገኛሉ። ከደቅ ደሴት በጀልባ፣ ከዘጌ፣ ከፎገራና ከጎጃም ወረዳዎች በመኪና የሚመጣው ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከአስታማሚው በቀር የሚያውቀው ሰው በከተማው የለውም፤ ስለዚህም ሌት ተቀን አጠገቡ የምትገኘውን ነርስ ከማመን ሌላ አማራጭ የለውም።

ታሪካዊ ዳራ

ዘመናዊው ነርስነት በፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም የሚጠራውን ቃል ኪዳን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ ያጸደቀው በ1953 ነው። በዚያው ዓመት በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደንቢያ ሜዳ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን የገደለ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅን እንዲከፍት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ መቅሠፍት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የሐይቁ ዳርቻ በዚህ ረገድ ለአገሪቱ ያበረከተው ድርሻ ብዙ ጊዜ የሚገባውን ያህል አይነገርለትም። ጤና ጣቢያው ባለበት መንደር የሚኖር ባለሙያ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም ላይ ከሕሙማኑ ጋር ስለሚገናኝ፣ በሥራው ላይ አንድ በመንደሩ ሌላ ሆኖ መኖር አይችልም ነበር።

በደርግ ዘመን የሥልጠናው ብዛት ጨምሯል፤ የገጠር ጤና አገልግሎትም በአመዛኙ በጤና ረዳቶች ትከሻ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው የጨረሰ በሽታ ተነሣ። በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ግን በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠና አዲስ ዘመን ላይ ሕክምናው ተጀመረ። የሰጡት መድኃኒት ለውጥ እንዳላመጣ እያዩ «አልገባኝም» ብሎ ለበላይ ማሳወቅ ድፍረትን የሚጠይቅ የሐቀኝነት ዓይነት ነው።

የፊስቱላ ማዕከሉ

የሐምሊን ፊስቱላ ኢትዮጵያ የባሕር ዳር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት፣ ድርጅቱ ከአዲስ አበባ ውጭ ካቋቋማቸው ማዕከላት የመጀመሪያው ነበር። መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ የተከተሉት ከእሱ ኋላ ነው፤ ለባሕር ዳር ይህ ትንሽ ክብር አይደለም። የድርጅቱ መሥራቾች ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ሆስፒታሉን የመሠረቱት በ1974 ነው።

ፊስቱላ የሚከሠተው ምጥ ለቀናት ሲራዘምና የሕፃኑ ጭንቅላት የፊኛን ወይም የፊንጢጣን ግድግዳ ከዳሌ አጥንት ጋር ተጭኖ ደም ሲያሳጣውና ቀዳዳ ሲከፈትበት ነው። በዚህ ሁኔታ ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱም ሽንቷን ወይም ሰገራዋን መቆጣጠር ያቅታታል። ብዙዎቹ ባላቸው ትቷቸው፣ ጎረቤት በሽታው ስለሚሸት ርቋቸው፣ ከማኅበርና ከደብር ተለይተው ከርመው የሚመጡ ናቸው። እንዲህ ያለችውን ሴት ያለ መጸየፍ ማጠብ፣ አልጋዋን መቀየርና ስሟን ጠርቶ ማነጋገር ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚጀምር ሕክምና ነው። በአዲስ አበባው ሆስፒታል ራሳቸው ታክመው የዳኑ ሴቶች የነርስ ረዳት ሆነው መሥራታቸው፣ ማሚቱ ጋሼም ከታካሚነት ተነሥታ ፊስቱላን በቀዶ ሕክምና የምትጠግን ባለሙያ መሆኗ የዚህ ቤት ልዩ መለያ ነው።

ሐኪሙ ቀዳዳውን ከሰፋ በኋላ ውጤቱ በነርሶች እጅ ይወድቃል። ታካሚዋ ካቴተር በሚባል የሽንት ማስወገጃ ቱቦ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ሳምንት ትቆያለች፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ውኃ መጠጣት፣ ካቴተሩም ያለማቋረጥ ማንጠባጠብ አለበት። ካቴተሩ ቢታጠፍ ወይም በደም ቢዘጋ ፊኛው ይሞላል፤ አዲሱ ስፌትም ሊፈታ ይችላል። ተረኛዋ ነርስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ እያንዳንዱን ካቴተር በእጇ ማየቷን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ሳታይ ቀርታ ጠዋት በወረቀት ላይ ምልክት አድርጋ ብትገኝ እንኳ በእርግጥ ካየችው ነርስ አትለይም። የባሕርይ ሥነ ምግባር ሊቃውንት በረጅሙ የሚከራከሩበት ጉዳይ እዚህ ቦታ በእጅ የሚዳሰስ ነው።

የዋርዱ የዕለት ሥራ

በየትኛውም የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል የሐቀኝነት መለኪያው በአብዛኛው ካርዱ ላይ ነው። ያልተለካ የደም ግፊትን መጻፍ ወይም ያልተሰጠ መድኃኒትን እንደተሰጠ መፈረም ለማንም አይታይም፤ ሐኪሙ ግን በዚያ ቁጥር ላይ ተማምኖ መድኃኒቱን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። አንዲት ነርስ ብዙ አልጋ በምትይዝበት ክፍል ጫናው ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም «አልደረስኩበትም» ብሎ ባዶ መተው የተሻለ መሆኑን የሙያው መምህራን በአንድ ድምፅ ያስተምራሉ።

ፈረቃ ሲቀየር የሚደረገው ርክክብ ሌላው ቦታ ነው። በአልጋው አጠገብ ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚደረግ ርክክብ የአንዱን የኤችአይቪ ውጤት ለጎረቤት አልጋ አስታማሚ ያሰማል፤ ጥንቃቄ ያላት ነርስ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ትነግራለች። ወንድ ነርሶችን «ዶክተር» ብሎ የመጥራት ልማድም አለ፤ ሁልጊዜ ማረም አድካሚ ቢሆንም፣ ታካሚው ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ እየሰጠ ባለበት ሰዓት ማረም ግዴታ ይመስላል።

እውነትን መናገርና ጠበል

በአካባቢው ባህል መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል። ቤተሰብ ከዚህ ልማድ ተነሥቶ ከባድ በሽታ ለታካሚው እንዳይነገር ነርሷን ይለምናል። አንዳንዶች ይህን ከታካሚው መብት ጋር የሚጋጭ አድርገው ያዩታል፤ ሌሎች ደግሞ ታካሚው ራሱ ማወቅ ይፈልግ እንደሆነ ቀስ ብሎ ጠይቆ፣ እንደ መልሱ ከቤተሰቡ ጋር መምከር ይበቃል ይላሉ። የኋለኛው ሐሳብ ለዚህ አገር የሚስማማ ነው። ታካሚው በቀጥታ ከጠየቀ ግን መዋሸት አመኔታን በአንድ ቀን ያፈርሳል።

ጠበልን በተመለከተ ክርክሩ ከረር ብሎ የነበረው በፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ነው። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ መድኃኒቱን እየወሰዱ መጠመቅ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ወደ ገዳም ለመሄድ የሚያስብን ታካሚ የምታሳፍር ነርስ መድኃኒቱን ደብቆ እንዲያቆም ታደርገዋለች፤ የምታዳምጥ ግን የሚበቃውን መድኃኒት ይዞ እንዲሄድ ታደርጋለች።

ደንቦችና ጥናቶች

የጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ ዕቅድ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎታል። የሙያ ምስጢርን ማውጣት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የባለሙያዎችን ሥነ ምግባር በዝርዝር ደንግጓል።

በባሕር ዳር በወሊድ አገልግሎት ላይ ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ሁለት ጥናቶች አሉ። አንደኛው ከተጠየቁት እናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አክብሮት የጎደለው አያያዝ እንደገጠማቸው ሲገልጽ፣ ሌላው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ርኅራኄና አክብሮት የተሞላበት አገልግሎት አገኙ ይላል። ተቃራኒ ቢመስሉም መለኪያቸው ይለያያል፤ የበደል ጥናቶች በተለምዶ ከዝርዝሩ አንድ ነገር እንኳ ከተፈጸመ እንደ በደል ይቆጥሩታል። የከተማዋ አዋላጅ ነርሶች በመጀመሪያው ቁጥር ብቻ መመዘናቸው ሙሉ ፍርድ አይደለም፤ ቁጥሩንም ችላ ማለት አይቻልም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሪፈር የተጻፈላቸው ሕሙማን ይዘገያሉ፤ ቁስለኛ ያከመ ባለሙያም ማንን እንዳከመ ሊጠየቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች የቆሰለ ሁሉ ወገኑ ሳይጠየቅ እንዲታከም ያዛሉ፤ የሙያው ደንብም የታካሚውን ማንነት ለጠያቂ ሁሉ አለመስጠትን ከነርሷ ይጠብቃል።