«ሱዳን ሰነፍ ነው» አትበሉኝ

ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። በሚያዝያ 2015 እዚያ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ብዙ ሱዳናውያን አዲስ አበባ ገብተዋል። ቀኔን የማሳልፈው በአከራይና በተከራይ፣ በሐኪምና በታካሚ መሃል ተቀምጬ ነው። በቅርቡ አንድ አከራይ ተከራዮቹ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሳለ «እነዚህ ሰዎች ስንፍናቸው ምንድነው? በይ ንገሪያቸው እስቲ» አለኝ። አልተረጎምኩለትም። ቤቴ ገብቼም አልበረደልኝም።

ስለ ሱዳኖች በየቦታው ተሳስቶ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም።

«ሱዳኖች ሁሉም ዐረብ ናቸው።» ዐረብኛው ያግባባቸዋል እንጂ ኑቢያው፣ ቤጃው፣ ፉሩ፣ ማሳሊቱ፣ ዛጋዋው፣ የኑባ ተራሮች ሰው የየራሱ ቋንቋ አለው።

«ሁሉም ሙስሊም ናቸው።» አብዛኛው አዎ። ግን ኮፕቶች አሉ፣ በኑባ ተራሮችም ክርስቲያኖች አሉ። እስልምና ከመስፋፋቱ በፊት ኖባቲያ፣ ማኩሪያና አሎዲያ የሚባሉ የክርስቲያን መንግሥታት ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውበታል።

«ኪስራ የነሱ እንጀራ ነው።» ከማሽላ ሊጥ ተቦክቶ ይጋገራል፣ እስከዚህ ልክ ናችሁ። ነገር ግን ዓይን የለውም፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ሊጡም ምጣዱ ላይ በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ እየተገፋ ነው የሚሰፋው።

«ቶብ የሃይማኖት ልብስ ነው።» የሴቶቹ የአገር ልብስ ነው። አራት ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ጨርቅ ሰውነት ላይ ይጠመጠምና ጫፉ ራስ ላይ ይጣላል። ነጩን መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ይለብሱታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በፕሬዚዳንት አል በሺር ላይ በተነሳው ተቃውሞ ጊዜ መኪና ላይ ቆማ የተነሳችው ፎቶ ዓለምን ያዳረሰላት አላ ሳላህም የለበሰችው ነጭ ቶብ ነበር።

«ዱኻን ጥንቆላ ነው።» ይህቺኛዋ ታናድደኛለች። የጠልህ እንጨት፣ አንድ የግራር ዓይነት ነው፣ መሬት ተቆፍሮ ይጨሳል። ሴቲቱ ቅባት ተቀብታ፣ ወፍራም ልብስ ተከናንባ ትታጠናለች። ሙሽራማ ከሠርጓ በፊት ደጋግማ ትገባበታለች። ወይባ ታጥና የምታውቅ የወሎ እናት ብታየው አንድም ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

አሁን ወደ ስንፍናው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስለ ሱዳን ስንፍና የሚወራ ቀልድ ሞልቷል። እዚያ ሠርተው የተመለሱ ልጆቻችን ይዘውት መጡ፤ እኛም ሳናጣራ ተቀበልነው። ማስረጃ ስጠይቅ የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሥራ ከገቡ በኋላ ረፋድ ላይ ጥለው ለቁርስ ይወጣሉ።»

አዎ፣ ይወጣሉ። ሱዳን ጎህ ሲቀድ የሚቀምሰው ሻይ በወተት ነው፤ ካለ ከትኩስ ዘላቢያ፣ በዘይት ከተጠበሰ ሊጥ ጋር። ከዚያ ሥራ ይገባል። በበጋ ካርቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ስለምትግል፣ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ በጠዋቱ ቢያልቅ ይሻላል። ዋናው ምግብ፣ ፉጡር የሚሉት፣ አራት ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ምሳ ደግሞ ወደ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ይገፋል። ሆዳቸው ከኛ በተለየ ሰዓት ይሞላል፣ በቃ።

ፉጡሩን ከነሱ ጋር በልታችሁ ታውቃላችሁ? ሌሊቱን ሲበስል ያደረ ባቄላ ሳህን ላይ ይገለበጣል። አንዱ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ያነሳና በቂጡ ድፍጥ ድፍጥ ያደርገዋል። የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል፣ ሽንኩርት፣ አይብና ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል። አለቃውም ሾፌሩም ዘበኛውም ያንኑ ሳህን ከበው ይበላሉ። የሚያልፈውን ሁሉ «ተፈደል!» ይሉታል፤ እንደኛው «እንብላ!» ማለት ነው። በሃያ ደቂቃ አልቆ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል።

አንድ እዚህ ያለ ቀጣሪ ሠራተኞቹ በአራት ሰዓት እየጠፉ አስቸግረውት፣ ማስጠንቀቂያ ልተረጉምለት ጠራኝ። የምሳ ዕረፍቱን ከፍለህ ግማሹን ረፋድ ላይ ስጣቸው አልኩት። ሞከረው፤ ለማስጠንቀቂያ ሁለተኛ አልጠራኝም። ሱዳናዊ ሠራተኛ ያላችሁም እንዲሁ አድርጉ። አከራዮችም ስሙኝ፦ ለኪራይ ስትሄዱ «ግቡ» ካሏችሁ ግቡ፣ ሻዩን ጠጡ። ገንዘቡን በር ላይ መጠየቅ ስድብ ይመስላቸዋል። ሰው ከሞተባቸውም ሳትጠሩ ሂዱ። መዳፋችሁን ወደ ላይ ዘርግታችሁ ከነሱ ጋር ቁሙ፤ ጸሎቱን ባታውቁትም አይከፋቸውም።

ሰነፍ ሕዝብ ነው ካላችሁኝ የገዚራን እርሻ ማን ያርሳል? እ.ኤ.አ. በ1925 የተከፈተ፣ ከ800 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ የመስኖ መሬት ነው። ገበሬው ሥራ ሲበዛበት ነፊር ይጠራል፤ የኛ ደቦ ማለት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ካርቱምን ሲመታም ወጣቶቹ በራሳቸው ተሰባስበው ሰው ሲረዱ ስማቸውን «ነፊር» አሉት። በዚህ ጦርነት ደግሞ በየሰፈሩ ድስት ጥደው የተራበውን የሚያበሉት እነዚሁ የሰፈር ልጆች ናቸው።

አንድ ረመዳን ከካርቱም ወደ ወድ መደኒ ከተማ ስሄድ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አውቶቡሳችን ድንገት ቆመ። ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሰዎች ረጅም ጥምጣማቸውን ፈትተው፣ ጫፍና ጫፉን ይዘው አስፋልቱን ዘግተውታል። ሽፍታ መስሎኝ ቦርሳዬን አቀፍኩ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከመንገዱ ዳር ሰሌን ተዘርግቷል፣ ትሪ በትሪ ነው። መንገደኛ ጾሙን መንገድ ላይ እንዳይፈታ ብለው ነው የያዙን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አልጾምኩም አልኳቸው። አንድ ሽማግሌ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ መንገደኛ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝና ለሴቶቹ ወደተነጠፈው ሰሌን መሩኝ። እዚያ የተቀመጡት እናት ከጆግ ቀይ ቡናማ መጠጥ ቀዱልኝ። ሑሉ ሙር ነበር፤ የበቀለ ማሽላ በቅመም ተቦክቶ፣ ተጋግሮ፣ ደርቆ፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚጠጣ። ብቅል ብቅል ሸተተኝ። ብርጭቆዬ ሳያልቅ ደገሙልኝ፣ ከዚያ ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ስለ እናቴ ይጠይቁኝ ነበር።