ቆዳ ሳይቀደድ ከሰውነት ውስጥ የሚደርስ ሙቀት

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የፅንስ ምርመራን ነው። ያው የድምፅ ሞገድ በርትቶ አንድ ቦታ ላይ ሲሰበሰብ ግን፣ ቆዳ ሳይቀደድ ጥልቅ ያለን አካል ማሞቅ፣ ካስፈለገም ማቃጠል ይችላል።

ነገሩ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። ሞገዶቹ ከሰፊ ቦታ ይነሳሉ። በየመንገዳቸው ደካሞች ስለሆኑ የሚያልፉበትን እምብዛም አይጎዱም። የሚገናኙባት ነጥብ የሩዝ ፍሬ ብታክል ነው። እዚያ ግን ኃይላቸው ይደመራል።

ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ጥቂት ሲቆይ የካንሰር ሕዋሳት ለጨረር ሕክምና ይበልጥ ይሸነፋሉ። ከ55 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ሕዋሱ በሰከንዶች ውስጥ ይሞታል።

ከባዱ ሥራ ማሞቁ ሳይሆን መንገዱ ነው። አየር ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ሳንባና ጋዝ ያለበት አንጀት አስቸጋሪ ናቸው። አጥንት ደግሞ ሞገዱን ይውጣል፣ አቅጣጫውንም ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወንድማማቾቹ ዊልያምና ፍራንሲስ ፍራይ በዚህ ዘዴ አንጎል ላይ ሲሠሩ፣ መጀመሪያ የራስ ቅል አጥንት መነሳት ነበረበት። ዛሬ 1,024 ሞገድ አመንጪዎች ያሉት ቆብ መሰል መሣሪያ አለ። ኮምፒውተር የቅሉን ውፍረት ከሲቲ ስካን አንብቦ፣ ሞገዶቹ እኩል እንዲደርሱ የእያንዳንዱን መነሻ ሰዓት ያስተካክላል። ቅሉ እንዳይግል በቆቡና በራስ መካከል ቀዝቃዛ ውሃ ይዘዋወራል።

በሕክምናው ወቅት ኤምአርአይ የተባለው የምስል መሣሪያ የሚሞቀውን ቦታ ብቻ ሳይሆን የሙቀቱን መጠንም በየጥቂት ሰከንዱ ያሳያል። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ በዚሁ መንገድ አንጎል ላይ የሚሠራው የእጅ መንቀጥቀጥ ሕክምና ነው። ታካሚው ነቅቶ ነው የሚታከመው። ሐኪሙ መጀመሪያ ለዘብ ባለ ሙቀት ይሞክርና ጠመዝማዛ መስመር ያስለዋል። እጁ ከረጋና ሌላ ችግር ካልታየ ሙቀቱ ይጨመራል። ቦታው ከተሳሳተ፣ ጉዳቱ ቋሚ ከመሆኑ በፊት ይታወቃል ማለት ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2004 ለማህፀን ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ ዕጢ)፣ በ2012 ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር ለሚያመጣው ሕመም፣ በ2016 ለእጅ መንቀጥቀጥ ፈቅዷል። አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ቆዳ ሊቃጠል፣ ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። ከአንጎል ሕክምናው በኋላ መደንዘዝ ወይም አረማመድ መዛባት የሚያጋጥማቸው አሉ፤ ብዙውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል፣ ሳይለቃቸው የሚቆይባቸውም አሉ። ሁሉም ሰው ደግሞ አይታከምበትም። የአንዳንዱ ሰው የራስ ቅል ሞገዱን በበቂ አያሳልፍም፤ ይህም አስቀድሞ በሲቲ ስካን ይለካል።