በቴከን ርቀት መጠበቅ፦ ባክዳሽ፣ ሳይድስቴፕ እና አየር ማስመታት

ቴከን 3 በተባለው የድብድብ ጌም ላይ ኤዲ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይዞ ሁለቱን የእግር ቁልፎች ያለ ዕረፍት የሚደበድብ ልጅ ያላጋጠመው የፕሌይስቴሽን ቤት ደንበኛ ያለ አይመስለኝም። እግሩ ከላይ ከታች ይሽከረከራል። ተጋጣሚው ቆሜ ልከላከል ወይስ ልጎንበስ ሲል ደሙ ያልቃል። ብዙ ሰው ለዚህ መፍትሔ የሌለው ይመስለዋል። አለው። ከእግሩ ክልል ወጣ ማለት፣ አየር እስኪመታ መጠበቅ፣ ከዚያ ገብቶ መምታት።

ይህ ስልት ርቀት መጠበቅ ነው፤ ተወዳዳሪዎች ስፔሲንግ ይሉታል። ቴከንን የጃፓኑ ናምኮ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ለጌም አዳራሾች ካወጣው ጀምሮ ጌሙ ብዙ ተለዋውጧል። ጎበዝን ከጀማሪ የሚለየው ግን ዛሬም በአብዛኛው እንቅስቃሴው ነው። ኮምቦ፣ ማለትም ተያያዥ ምቶችን፣ ማንም ሰው ሸምድዶ ይችለዋል። ርቀት ግን ከተጋጣሚ ጋር ሲጫወቱ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው።

ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት ስለ ፍሬም ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም ምስል፣ ያሳያል። የአብዛኞቹ ገጸ ባሕርያት ፈጣኑ ቡጢ፣ ጃብ የሚባለው፣ 10 ፍሬም ይፈጃል። ተጋጣሚን ወደ ላይ አንስተው ኮምቦ የሚያስጀምሩት ምቶች ደግሞ ብዙዎቹ 15 ገደማ ይፈልጋሉ፤ ሩብ ሰከንድ ማለት ነው። እያንዳንዱ ምት ከተሰነዘረ በኋላ እጅ ወይም እግር እስኪመለስ የሚባክን ጊዜም አለ። ምቱን ብሎክ ያደረገ፣ ማለትም የተከላከለ፣ ሰው ራሱም ለአፍታ ይያዛል። ስለዚህ ብዙ ምቶች ብሎክ ቢደረጉም ቅጣት የላቸውም። አየር ሲመቱ ግን ተጋጣሚውን የሚይዘው ነገር የለም። ብሎክ ሲደረግ አደጋ ያልነበረው ምት፣ አንድ ስንዝር ሲያጥር ባለቤቱን ለሙሉ ኮምቦ ያጋልጠዋል። የርቀት ጨዋታ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ቴከን የብሎክ ቁልፍ የለውም። ወደኋላ መያዝ ራሱ ብሎክ ነው። ወደኋላ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ከተነካ ደግሞ ገጸ ባሕርይው ወደኋላ ይፈናጠራል፤ ይህ ባክዳሽ ነው። ባክዳሽ ብቻውን ሁለት ድክመት አለው። አንዱ ሳያልቅ ሌላ ማስከተል አይቻልም። በመሃሉም ብሎክ የማይያዝበት ቅጽበት አለ።

ለሁለቱም መላው ኮሪያን ባክዳሽ ይባላል። ስሙ ስልቱን አብስለው ለዓለም ካሳዩት የኮሪያ ተጫዋቾች የመጣ ነው። አውራ ጣት ወደኋላ ሁለቴ ይነካል። ገጸ ባሕርይው ገና ሲንሸራተት ጣቱ ወደ ታችና ኋላ ሰያፍ ይወርዳል። ለመጎንበስ የተሰጠው ትዕዛዝ ባክዳሹን ይቆርጠዋል። ገጸ ባሕርይው ጎንበስ ከማለቱ በፊት ጣቱ ወደ ቀጥታው ኋላ ይመለስና አዲስ ባክዳሽ ይጀመራል። ሲደጋገም ገጸ ባሕርይው በበረዶ ላይ እንደሚንሸራተት ሰው ያለማቋረጥ ይሸሻል፤ በፈለገው ሰዓትም ብሎክ ይይዛል። ለጀማሪ ይህ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ላይ ገጸ ባሕርይው ወይ ተጎንብሶ ይቀራል፣ ወይ ተራ እርምጃ ይራመዳል። አውራ ጣት ይላጣል። ሳምንታት ይፈጃል፤ በግራና በቀኝ በኩል ቆሞ እኩል ለመሥራት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ባክዳሽ ሁሉም ላይ እኩል አይሠራም። የሚሺማ ቤተሰብ የሆነው ካዙያ ረጅምና ፈጣን ባክዳሽ አለው። እንደ ጃክ ያሉ ግዙፎች ግን ይከብዳቸዋል። ከዚህ ሌላ ግድግዳ አለ። ቴከን 3 ላይ ሜዳው መጨረሻ ስለሌለው እስከፈለጉት መሸሽ ይቻል ነበር። በ2001 ቴከን 4 ግድግዳ ሲያመጣ ያለ ሐሳብ የሚሸሽ ሰው ራሱን ጥግ ውስጥ ይከት ጀመር።

ያኔ ሳይድስቴፕ ይመጣል። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነካ ሲደረግ ገጸ ባሕርይው በጎን ይራመዳል፤ ቀጥ ብሎ የመጣ ምት አጠገቡ ያልፋል። ይህን ለሁሉም በሚባል ደረጃ የሰጠው በ1997 የወጣው ቴከን 3 ነው። የዝላይ ከፍታም ያኔ ቀነሰ። ከፍ ብለው ከሚዘሉ ሰዎች ግጥሚያ ወደ እግር ጨዋታ የተሸጋገረው ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሳይድስቴፕ በዘፈቀደ አይደረግም። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሚሳሳበት ጎን አለው። ሚሺማዎችን ለምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግራ መዞር ያዋጣል። ጎን የሚሄደውን ተከትለው የሚይዙ ሆሚንግ የተባሉ ምቶች ስላሉም ሁልጊዜ በጎን የሚሄድ ሰው ይነቃበታል።

ወደፊት መግባትም የዚሁ ጨዋታ ክፍል ነው። ጎበዝ ተጫዋች በዳሽ፣ ማለትም ወደፊት ተወንጭፎ፣ ይገባል፣ ሳይመታ ብሎክ ይይዛል፣ ይወጣል። ተጋጣሚው ደንግጦ ይሰነዝራል፤ አየር ይመታል። ሚሺማዎች ደግሞ ጎንበስ ብለው እየተወነጨፉ የሚጠጉበት ዌቭዳሽ አላቸው። ሲቀርቡ ቀጣዩ ምት ከላይ ይሁን ከታች አይታወቅም። ርቀቱን የዘጉት እነሱ ስለሆኑ መገመት ያለበት ተጋጣሚው ነው።

ይህ ጥበብ በአንድ ሰው ላይ ጎልቶ የታየው በ2019 ነው። አርስላን ሲዲቅ የላሆር ልጅ ነው፤ የውድድር ስሙ አርስላን አሽ። እስከዚያ ድረስ ቴከንን የሚመሩት ኮሪያና ጃፓን ነበሩ። አርስላን በዚያ ዓመት የካቲት ፉኩኦካ ላይ ኢቮ ጃፓን የተባለውን የድብድብ ጌሞች ውድድር አሸነፈ። በነሐሴ ላስ ቬጋስ ላይ ዋናውን ኢቮ ደገመው፤ በፍጻሜው የረታው ኒ የተባለውን የኮሪያ ታላቅ ተጫዋች ነው። አርስላን «አገሬ ውስጥ እንደ እኔ የሚጫወቱ ብዙ አሉ» ሲል ኒ ራሱ ፓኪስታን ድረስ ሄዶ ተጫወተ። አርስላን በ2023 እና በ2024ም ኢቮን ወስዷል። ጨዋታውን ሲያዩት ጥድፊያ የለበትም። ከምቱ ጫፍ በጥቂቱ ይርቃል፣ ሲሳት ይቀጣል።

በጥር 2024 የወጣው ቴከን 8 ማጥቃትን እንዲያበረታታ ሆኖ ተሠራ። ሂት የተባለ የማጥቂያ ጉልበት መጣ። አንዳንድ ምት ብሎክ ቢደረግም ደም ይቀንሳል፤ የጠፋውንም የሚያስመልሰው ማጥቃት ነው። በሚያዝያ 2025 የመጣው ማሻሻያ በዚሁ አቅጣጫ ሲገፋ ተጫዋቾች አምርረው ተቃወሙ፤ አዘጋጆቹም ማስተካከያ ለማውጣት ተገደዱ። እኔም ከተቃወሙት ጋር ነኝ። በእግሩ አስቦ ያመለጠ ሰው ዋጋው ሊከፈለው ይገባል።

መማር ለሚፈልግ መነሻው የልምምድ ክፍሉ ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ ምት ብቻ እንዲደጋግም ያዙት። መጀመሪያ ከየት ቆማችሁ እንደማይደርስባችሁ ፈልጉ። ከዚያ ከዚያ ቦታ ትንሽ ገባ በሉ፣ ሲሰነዝር አንዴ ባክዳሽ አድርጉ፣ በአንድ ምት ቅጡት። መቶ ጊዜ። ከዚያ ጎን ቀይሩና ከሌላው በኩል ቆማችሁ ድገሙት።